ሰባት ኩባያ ጨው

መቱ ውስጥ በአንድ የአዳሪ ተማሪዎች ወጥ ቤት የመጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ይህ የምጽፈው ነገር የሆነው በሥራው ላይ አሥራ ስድስተኛ ዓመቴን በያዝኩበት ጊዜ ነው። ጠዋት በሩን ከፍቼ ለዕለቱ የሚበቃውን ምስር፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዘይትና ጨው አወጣለሁ፤ ወጥ ሠሪዎቹ ይረከቡኛል፤ ከሰዓት በኋላ የቀረውን አስተካክዬ፣ ቆልፌ እሄዳለሁ። ሲወራ ቀላል ነው። ቤት ስገባ ደግሞ እናቴ አለች። ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ከተኛች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። አገላብጣታለሁ፣ አጥባታለሁ፣ አበላታለሁ። ሐኪሙ ጨው እንዳይበዛባት አጥብቆ ስለነገረኝ ምግቧን ለብቻ ነበር የምሠራላት። እሷም በየቀኑ ያንኑ ትለኛለች።

«ይሄ ምግብ አይደለም። ድስቱን ያጠብሽበትን ውሃ ነው የሰጠሽኝ።»

በዚያን ጊዜ ስለ ራሴ የማስታውሰው ነገር ቢኖር ድካሜን ነው። ተኝቼ ብነሳም አብሮኝ የሚነሳ ድካም ነበር።

ዋና ወጥ ሠሪያችን እኔ ከመቀጠሬ በፊት ጀምሮ እዚያው የነበሩ ሴት ናቸው። ሁሉም ሰው «እትዬ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ትውልዳቸው ሁሩሙ አካባቢ ነው። ከሌሎቹ ሴቶች ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ሲናደዱ በሁለቱም ይናገራሉ። ማንበብ አይችሉም። አራት መቶ ለሚያህል ተማሪ የሚሆን ወጥ ግን በእጃቸው እየዘገኑ ያደርሱታል፤ ጨው በእፍኝ፣ በርበሬ በጣሳ፣ ዘይት ደግሞ «እስኪበቃው»። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም በአፋቸው አይዞርም፤ የተማሪው ምሳ የሚወጣው ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ያልቀመሱት ወጥ ግን ጨው በዝቶት ወይ አንሶት አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን እንዴት እንደሚያውቁት ስጠይቃቸው፣

«ሲንተከተክ ሽታው ይነግረኛል» አሉኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

አንድ መስከረም ላይ አዲስ የምግብ ዝርዝር ከበላይ መጣልን። በኦሮምኛ የተጻፈ፣ ሁለት ገጽ ነው። ለአንድ ተማሪ ስንት ግራም ምስር፣ ስንት ግራም ዘይት፣ ስንት ግራም ጨው እንደሚገባ ይዘረዝራል። ወጡ አንድ ቀን ይወፍራል፣ አንድ ቀን ይቀጥናል የሚል ወሬ ስለከረመ የመጣው ለበጎ ነበር፤ አሁንም እንደዚያ ነው የማምነው። የምግብ ክፍሉ ኃላፊ ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚያንስ፣ አንተ አንቺ የምንባባል ሰው ነው። ክፉ አልነበረም፤ ጥድፊያ ግን ይወዳል። ዝርዝሩን ይዞ ወጥ ቤት ገባና፣

«እትዬ፣ ከእንግዲህ በእፍኝ የለም። በግራም ነው» አላቸው።

«ግራሙን ማን ያየዋል?»

«ሚዛኑ ነዋ።»

«ሚዛኑ አንድ ነው፣ ድስቱ ስድስት። እጄ ደግሞ ሁሌም እርጥብ ነው። ጎሕ ሳይቀድ መጥቼ ሚዛን ስር ስቆም ቁርሱን ማን ያደርስልሃል?»

ኃላፊው ዝርዝሩን አየት አደረገ። ትንሽ አሰበና ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ግራሙን ወደ ኩባያ ቀይሪላቸው። ስንት ግራም ስንት ኩባያ እንደሚሆን ጻፊና ግድግዳው ላይ ይሰቀል።»

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። አራት አንድ ዓይነት የብረት ኩባያዎች መረጥኩ፤ ጠርዛቸው የተላጠ፣ ሰማያዊ መስመር ያላቸው። ከሰዓት በኋላ፣ ምድጃው ሲበርድ፣ ትንሿን ሚዛን መጋዘኑ በር ላይ አስቀምጬ መመዘን ጀመርኩ። እትዬ በርጩማ ስበው ከጎኔ ይቀመጡና የነገውን ሽንኩርት እየላጡ ያዩኛል።

በሽሮ ጀመርኩ። ኩባያውን ጆንያው ውስጥ ነክሬ፣ በቢላ ጀርባ አስተካክዬ መዘንኩት። ደግሜ መዘንኩት፤ ሌላ ቁጥር መጣ። በሦስተኛው ደግሞ ሌላ። ሚዛኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። እትዬ ሳቁ።

«ሚዛኑን አትሳደቢው። አንዴ ጠቅጥቀሽ ዘገንሽ፣ አንዴ መሬት ላይ መታ መታ አደረግሽው። ዱቄት ሲመታ ቁጭ ይላል። በሌላ ነገር ዝገኚና ኩባያው ውስጥ ነስንሺው፣ ከዚያ አፉን አስተካክይው።»

እንዳሉት ሳደርግ ሦስት ጊዜ ተቀራራቢ ቁጥር አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ሦስት ሦስት ጊዜ እየመዘንኩ መሐለኛውን እይዛለሁ። የተነፋ ሽሮና ያልተነፋው ይለያያሉ። በርበሬ ዝናቡ ሲበረታ እርጥበት ይጠጣል፤ ያው ኩባያ ይከብዳል። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ መቼ በርትቶ መቼ እንደሚተው አይታወቅም። ዘይት ላይ ስደርስ እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ ሊትርና ኪሎ አንድ ይመስሉኝ እንደነበር ገባኝ። ውሃ ላይ ነው አንድ የሚሆኑት። አንድ ሊትር ዘይት አንድ ኪሎ አይሞላም፤ ይጎድላል። ለእትዬ ስነግራቸው አልደነቃቸውም።

«ማር ደግሞ ይበልጣል» አሉ። «ልጅ ሆኜ የማር ጣሳ ተሸክሜ ገበያ እወርድ ነበር። ጣሳው ውሃ የምቀዳበት ጣሳ ነው፤ ማር ሲሞላ ግን አንገቴን ይሰብረው ነበር። መንገድ ላይ ስንት ጊዜ አውርጄ አለቅሳለሁ መሰለሽ።»

ያ ሥራ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀ። ከዚያ ዓመት ውስጥ ደስ ብሎኝ የማስበው እሱን ጊዜ ነው። ቤት ስገባ የሚጠብቀኝ ያው ነበር፤ እዚያ በር ላይ ቁጭ ብዬ ኩባያ ሳስተካክል ግን ትከሻዬ ቀለል ይለኝ ነበር።

ጨው የመጨረሻው ነበር። በዚያን ጊዜ መጋዘን ውስጥ የነበረው ግራጫማ፣ በሙቀጫ የምንሰብረው ሻካራ ጨው ነው። አንዱ ኩባያ ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም መጣ። ለተማሪው ቁጥር ሳሰላው ለአንድ ምሳ ሰባት ኩባያ ሆነ። ሠንጠረዡ ላይ «ጨው» ብዬ ጻፍኩ፣ ከጎኑ «ሰባት ኩባያ»። የትኛው ጨው እንደሆነ አልጻፍኩም። ሌላ ዓይነት ጨው እንዳለ ጠፍቶኝ አይደለም፤ አልመጣልኝም። እትዬ ማንበብ ስለማይችሉ በየመስመሩ ጫፍ ጭረት አሰመርኩላቸው፤ ለጨው ሰባት ጭረት። በላስቲክ ሸፍነን ምድጃው አጠገብ ሰቀልነው። በሁለት ቀን ሁሉንም አጠኑት።

ኃላፊው በጣም ደስ አለው። በየጠዋቱ እየመጣ አጠገባቸው ይቆማል። እትዬ ኩባያውን ገልብጠው በልማድ እጃቸውን ወደ ጨው ጎድጓዳው ሲሰዱ ካየ፣

«እትዬ፣ እጅዎን ያሳርፉት እንጂ!» ይላቸዋል፤ እየሳቀ ነው የሚለው። እሳቸው አይስቁም። እጃቸውን በሽርጣቸው ይጠርጉና ወደ ሌላ ድስት ይሄዳሉ። ይህ ወራት ቆየ።

ሁዳዴ ገባ። ሻካራው ጨው ሊያልቅ ሲቃረብ አዲስ ጨው የመጣልን በጾሙ አጋማሽ ላይ ነው። በላስቲክ የታሸገ፣ ነጭ፣ እንደ ዱቄት የደቀቀ ጨው። መኪናው ሲራገፍ ስልኬ ጮኸ፤ እናቴን አየት የምታደርግልኝ ጎረቤቴ ነበረች። እናቴ ከአልጋ ወድቃለች። አንዱ ከረጢት ተቀዶ ስለነበር ጨውን በእጄ ነካሁት፤ በጣቶቼ መሐል ሾልኮ ፈሰሰ። «ይሄ እንደገና መመዘን አለበት» ብዬ ማሰቤን አሁን ድረስ አስታውሳለሁ። ነገ እመዝነዋለሁ ብዬ ፈርሜ ሮጥኩ። በነጋታው ቁልፉን ለወጥ ሠሪዎቹ ትቼ እናቴን ይዤ ሐኪም ቤት ዋልኩ፤ የዚያን ቀን ምሳ ከሻካራው በተረፈው ጨው ተሠራ። በሦስተኛው ቀን ሥራ ገብቼ ከዚያው ጨው ለምሳ አወጣሁ። መመዘኑ ከሐሳቤ ጠፍቶ ነበር።

የዚያን ቀን ምሳ ምስር ወጥ ነበር። ስድስት ሰዓት እንዳለፈ አዳራሹ ውስጥ ያልለመድኩትን ጫጫታ ሰማሁ። ሰሃን በጠረጴዛ ላይ ይንኳኳል፣ ወንበር ይጎተታል፣ አንዱ በአማርኛ «ጨው! ጨው!» ሲል ሌላው በኦሮምኛ «ሶጊዳ!» ይላል። ወጥቼ ሳይ የውሃው በርሜል ዙሪያ ሰልፍ ነው። ከድስቱ በማንኪያ ጫፍ ቀመስኩ። ምላሴን ነከሰኝ። ወዲያው ከረጢቶቹ ትዝ አሉኝ።

ኃላፊው ሮጦ መጣ። እትዬ ምድጃው አጠገብ ማማሰያቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

«ስንት ኩባያ ጨመሩ?»

«ሰባት።»

«እርግጠኛ ነዎት? በእጅዎ አላከሉበትም?»

«ሰባት አልኩህ እኮ።»

ወደ እኔ ዞረ። «ሠንጠረዡ ላይ ስንት ነው የሚለው?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ጨው ተለውጧል፣ ሳልመዝን ነው ያወጣሁት ማለት ይበቃ ነበር። ነገር ግን ቃል ስጪ፣ ጻፊ፣ ኮሚቴ ፊት ቅረቢ የሚለው ሁሉ ባንዴ ታየኝ፤ ቤት ደግሞ እናቴ ክንዷ ተጠቅልሎ ተኝታለች። ደክሞኝ ነበር።

«ሰባት ነው» አልኩ። «ሠንጠረዡ ልክ ነው።»

እትዬ አዩኝ። ብዙ አላዩኝም፤ አንዴ ብቻ።

ኃላፊው በልማዳቸው በእጃቸው እንደጨመሩ ደመደመ። ከሰዓት በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላቸው፤ ከዋና ወጥ ሠሪነት ተነሥተው ዕቃ አጠባ ላይ እንዲመደቡም ተወሰነ። ደብዳቤውን እንዳነብላቸው የተሰጠኝ እኔ ነኝ። በኦሮምኛ እንደተጻፈ ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው። ጨርሰው ከሰሙ በኋላ ሽርጣቸውን ፈቱ፣ አራት ቦታ አጠፉት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ «ዲሲ፣ ተይው በቃ» ብለው ወጡ። በነጋታው አልመጡም። ጎሬ ያገባች ልጃቸው ዘንድ እንደሄዱ ሰማን።

ጠዋት መጋዘን ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት አዲሱን ጨው መመዘን ነው። ያው ኩባያ ሦስት መቶ ሰባ ግራም ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሦስት ጊዜ መዘንኩት። ሻካራው ጨው በየቅንጣቱ መሐል ክፍት ቦታ አለው፤ ደቃቁ ቦታ አይተውም፤ ኩባያውን ይሞላዋል። ይህን በሽሮ ላይ እትዬ ራሳቸው አስተምረውኝ ነበር። ጆንያ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

ከዚያ ያደረግኩት ነገር ከዝምታዬ ይብሳል። ሠንጠረዡን አወረድኩና ሰባቱን ፍቄ «አምስት፣ አፉ ያልሞላ» ብዬ ጻፍኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ወጡ ተስተካከለ። አዲሷ ወጥ ሠሪ ተመሰገነች። ኃላፊው አንድ ቀን መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ፣

«አየሽ፣ ችግሩ ሴትየዋ ነበሩ» አለኝ።

እንደ መስማማት ራሴን ነቀነቅኩ። ቤት ገብቼ እናቴን ሳበላት እንደ ልማዷ «ጨው የለውም» አለችኝ፤ ማንኪያውን እንደያዝኩ ማልቀስ ጀመርኩ። ያስቀየመችኝ መስሏት «ተይ በቃ፣ እበላዋለሁ» አለችና ዝም ብላ ጨረሰችው። እንደዚያ ዓይነት ጸጥታ ከእሷ አይቼ አላውቅም።

ፋሲካ አልፎ ሰኞ ጠዋት ኃላፊውን መጋዘን ጠራሁት። ጆንያ ጥግ የተረፈ ጥቂት ሻካራ ጨው ነበር፤ አንድ ኩባያ ከእሱ፣ አንድ ኩባያ ከደቃቁ ሞላሁና በየተራ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩለት። የሚዛኑን ቀስት አየ። እኔን አየ።

«ይሄን መቼ አወቅሽ?»

«የዚያን ቀን። ወጡን እንደቀመስኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደክሞኝ ነበር።»

«ድካም መልስ ነው?»

«አይደለም።»

ሊጮህብኝ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። ጆንያው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «እኔም ጨው ስለመለወጡ አልጠየቅኩም» አለ። የእትዬን ማስጠንቀቂያ የሚሽር ደብዳቤ ጻፈ፤ ለእኔም አንድ ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ፤ ፈረምኩ። «ሂጂና አምጫቸው» አለኝ።

ቅዳሜ ጎረቤቴ ከእናቴ ጋር እንድትውልልኝ ለምኜ በሚኒባስ ጎሬ ሄድኩ። ጉሙ ኮረብታውን ሸፍኖት ከመናኸሪያው ማዶ ያለው አይታይም ነበር። ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። እትዬ በረንዳ ላይ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። ሲያዩኝ አልተነሡም።

«ነይ፣ ግቢ፤ ዝናብ ላይ ምን ያቆምሻል?»

ቆሜ ነው የነገርኳቸው፤ ስለ ከረጢቱ፣ ስለ ስልኩ፣ «ልክ ነው» ስላልኩት፣ ፍቄ ስለጻፍኩት። ጎመኑን መቀንጠሳቸውን አላቋረጡም። ስጨርስ፣

«ጨው መብዛቱን አውቄዋለሁ» አሉ።

አልገባኝም።

«ሦስተኛውን ኩባያ ስገለብጥ ነው ያወቅኩት። እንደ ዱቄት ይፈስሳል፣ እጄ ላይ ይከብዳል። ይሄ ይበዛል አልኩ በልቤ።»

«ታዲያ ለምን ጨመሩት፣ እትዬ?»

«ጭረቱ ሰባት ነዋ! እጅዎን ያሳርፉ፣ እጅዎን ያሳርፉ ስባል ስንት ወር ሆነኝ? አሳረፍኩት።» ቅጠሉን ጎድጓዳው ውስጥ ጣሉት። «እልህ ነው። በልጆቹ ምሳ ላይ እልህ ተወጣሁ። እሱ ነው የሚቆጨኝ። ጾሙን የያዘው ይያዝ፣ ሌላው ግን ርቦት የመጣ ልጅ ነው።»

«ያም ሆኖ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የጨውስ የሁለታችንም ነው። አንቺን ያዘንኩብሽ በጨው አይደለም። ያን ያህል አብረን ቁጭ ብለን ከርመን፣ አፍሽን ከፍተሽ አንዲት ቃል አለማለትሽ ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። ፋሲካም ነው። ግን አልመለስም። እኔም ደክሞኛል፤ ጉልበቴ ምድጃ ስር መቆም እምቢ ካለ ቆይቷል።» ቀና ብለው ፊቴን አዩት። «አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው? እንዲህ ጠቁረሽ!»

ስለ እናቴ ነገርኳቸው። ምሳ አበሉኝ። ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ያለችው አግዳሚ ላይ ትንሽ ጋደም በይ አሉኝ፤ እምቢ ብዬ ሳልጨርስ ጋደም አልኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኝቻለሁ። የልጃቸውን ነጠላ ደርበውብኝ ነበር። ሲቀሰቅሱኝ የት እንዳለሁ ጠፋኝ።

«ተነሽ፤ መኪናው ያመልጥሻል» አሉኝ።

መቱ የመጡት አንዴ ብቻ ነው፤ የጡረታ ወረቀታቸውን ሊፈርሙ። ኃላፊው ከወንበሩ ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም «እሺ» ብለው እጁን ጨበጡት። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ሳልመዝን አላወጣም፤ ሠንጠረዡም ላይ የዕቃው ዓይነትና የተመዘነበት ቀን ይጻፋል። ሰልችቶኝ እንኳ እጽፈዋለሁ።

እናቴ በዚያው ክረምት አረፈች። እትዬ ከጎሬ ለልቅሶ መጥተው ሦስት ቀን እኔ ዘንድ ሰነበቱ፤ ሲሄዱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ብዙ አላወራንም። በየሁለት ሳምንቱ ይደውሉልኝ ጀመር፤ የሚጠይቁኝም መተኛት አለመተኛቴን ነው። አሁን ዓይናቸው ደክሞ ስልክ መደወል ስለሚያስቸግራቸው እኔ ነኝ የምደውለው፤ ሲመቸኝም ቅዳሜ እሄዳለሁ።